ያው መድኃኒት፣ በሌላ ማሸጊያ

አምሎዲፒን ለደም ግፊት በብዛት ከሚታዘዙ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ካልሲየም ወደ ደም ሥር ጡንቻ እንዳይገባ ይገታል፤ ጡንቻው ሲላላ ሥሩ ይሰፋል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ያወጣው ኩባንያ ፋይዘር ሲሆን፣ ኖርቫስክ በሚል የንግድ ስም አሜሪካ ውስጥ እንዲሸጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። በ2007 የፓተንት ጥበቃው እዚያው አገር ሲያከትም ሌሎች አምራቾችም ያንኑ ንጥረ ነገር እየሠሩ ወደ ገበያው ገቡ። ዛሬ አምሎዲፒን በብዙ ስም ይሸጣል፤ ዋጋውም እንደ ስሙ ይለያያል።

ከውዱ ወደ ርካሹ መዛወር ምን እንደሚያስከትልና ምን ጥንቃቄ እንደሚሻ በደንብ የሚታየው ጥያቄው በየቀኑ በሚነሣበት ቦታ፣ በመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ነው። በሚከተለው ምልልስ ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ስድስት ዓመት ኖርቫስክ 5 ሚሊግራም የወሰዱ ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ሁለተኛዋ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ፋርማሲስት ናት። መምህሩ መድኃኒቱን አንዳንዴ ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ እጅ፣ አንዳንዴ ደግሞ እዚሁ ገዝተው ያገኙ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው መድኃኒት ተወዶ ጡረታቸው የሚችለው አልሆነም።

መምህር፦ ልጄ፣ ሐኪሙ ማዘዣው ላይ «አምሎዲፒን 5» ብሎ ነው የጻፈው። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ የዋጥኩት ኖርቫስክ ነው። አንቺ ደግሞ ስሙን ሰምቼው የማላውቀውን አውጥተሽ «ያው ነው» ትይኛለሽ። በምን አውቃለሁ?

ፋርማሲስት፦ ቢጠይቁ ደግ አደረጉ ጋሼ። ባዶውን ማሸጊያ ይዘውት መጥተው የለ? ይስጡኝና ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው።

ሁለቱ ማሸጊያዎች ባንኮኒው ላይ ተቀመጡ። በትልቁ የተጻፉት ስሞች አይገናኙም። ከሥራቸው በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ግን በሁለቱም ላይ አንድ ነው፦ አምሎዲፒን ቤሲሌት፣ ከ5 ሚሊግራም አምሎዲፒን ጋር የሚመጣጠን።

ፋርማሲስት፦ ትልቁ ስም የሻጩ ነው፤ ትንሹ የመድኃኒቱ ነው። ሐኪምዎ የጻፈው ትንሹን ነው። እንዲህ መጻፉም ጠቅሞዎታል፤ የትኛውም መድኃኒት ቤት ቢሄዱ አቻውን ማግኘት ይችላሉ።

መምህር፦ ይህ «ቤሲሌት» የሚለው ምንድን ነው?

ፋርማሲስት፦ አምሎዲፒን ብቻውን ክኒን ለመሥራትም፣ ሳይበላሽ ለማቆየትም አይመችም። ስለዚህ በጨው መልክ ከሌላ ነገር ጋር ይያያዛል፤ ያ ነገር ቤሲሌት ነው። ወደ 6.9 ሚሊግራም የሚሆን አምሎዲፒን ቤሲሌት ውስጥ 5 ሚሊግራም አምሎዲፒን አለ። በቤሲሌት ፈንታ ማሌይት የሚጠቀሙ አምራቾችም አሉ። ሆድ ውስጥ ሲሟሟ ሁለቱ ይለያያሉ፤ ግፊቱን የሚያወርደው አምሎዲፒኑ ነው። ማሸጊያው ላይ የተቆጠረውም እሱ ብቻ ስለሆነ 5 የትም 5 ነው።

መምህር፦ ስሙ አንድ መሆኑን ተቀበልኩ። ጤፍም ስሙ አንድ ነው፤ የአድአ ጤፍና የሌላ ቦታ ጤፍ ግን እንጀራቸው አንድ አይሆንም። ይህኛው ሆድ ውስጥ ሳይሟሟ ቢያልፍስ?

ይህ የጥያቄው እምብርት ነው። ሁለት ክኒኖች እኩል ንጥረ ነገር ይዘው አንዱ ቶሎ፣ ሌላው ዘግይቶ ወይም በከፊል ብቻ ሊሟሟ ይችላል። ንጥረ ነገሩን አንድ ላይ የሚይዙት ስታርቹ፣ ሴሉሎሱ፣ ማለስለሻው ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያሉ፤ የተጨመቀበት ኃይልም ይለያያል። ስለዚህ የአቻነት ፈተና የሚደረገው በሰው ደም ውስጥ ነው።

ፋርማሲስት፦ እንዴት እንደሚፈተን ልንገርዎ። ጤነኛ ፈቃደኞች ይሰበሰባሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሃያ እስከ አርባ ይሆናሉ። ግማሾቹ የመጀመሪያውን አምራች ክኒን፣ ግማሾቹ አዲሱን ይውጣሉ። ከዚያ በየተወሰነ ሰዓት ደማቸው እየተቀዳ ምን ያህል አምሎዲፒን እንዳለበት ይለካል። አምሎዲፒን ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ ነው፤ ግማሹ እስኪወጣ ድረስ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ደም መቅዳቱ ለቀናት ይቀጥላል። የመጀመሪያው ጨርሶ ከጠራ በኋላ ተራው ይገለበጣል፤ ያኛውን የወሰደ ይህኛውን፣ ይህኛውን የወሰደ ያኛውን ይውጣል።

መምህር፦ ለምን ይገለበጣል?

ፋርማሲስት፦ የእርስዎ ሆድና የእኔ ሆድ አንድ ስላልሆነ ነው። ተራው ሲገለበጥ እያንዳንዱ ሰው የሚነጻጸረው ከራሱ ጋር ይሆናል። የሚጠየቁት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ በጠቅላላው ስንት ወደ ደም ገባ? ከፍተኛው መጠንስ ስንት ደረሰ? የአዲሱ ውጤት ለቀደመው ሲካፈል ከ80 እስከ 125 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ መውደቅ አለበት።

መምህር፦ ቆይ እንጂ። ከ80 እስከ 125? ይሄማ እጅግ ሰፊ ነው። ሃያ በመቶ የጎደለ ክኒን ልትሰጪኝ ነው?

ፋርማሲስት፦ ይህን ቁጥር ሰምተው የሚደነግጡ የጤና ባለሙያዎችም ብዙ ናቸው። በመጀመሪያ ነገር ቁጥሩ ክኒኑ ውስጥ ስላለው መጠን አይናገርም። ክኒኑ ውስጥ ያለው መጠን ለብቻው ይፈተሻል፤ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ከ90 እስከ 110 በመቶ መሆን ይኖርበታል፤ ይህም ለውዱም ለርካሹም እኩል የሚሠራ ሕግ ነው። ሁለተኛ፣ በክልሉ ውስጥ መግባት ያለበት አማካዩ ብቻ አይደለም። ሃያና ሠላሳ ሰው ተለክቶ የሚገኝ አማካይ ግምት ነው፤ ግራና ቀኝ የሚያወላዳው ጠርዝ አለው። ሁለቱም ጠርዞች ክልሉ ውስጥ ካልገቡ ክኒኑ ይወድቃል። አማካዩ 82 የሆነ ክኒን የታችኛው ጠርዙ ከ80 ሥር ስለሚወርድ አያልፍም ማለት ይቻላል። የሚያልፉት አማካያቸው መቶ አካባቢ የሆኑት ናቸው።

መምህር፦ ይህን በቁጥር ያየው አለ?

ፋርማሲስት፦ አለ። የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ12 ዓመት ውስጥ የተቀበላቸውን ከ2,000 በላይ እንዲህ ያሉ ጥናቶች አንድ ላይ አድርጎ መርምሯል። ወደ ደም በሚገባው ጠቅላላ መጠን በርካሹና በመጀመሪያው መካከል የተገኘው አማካይ ልዩነት 3.5 በመቶ ገደማ ነበር። ዛሬና ነገ ኖርቫስኩን ራሱን ሲወስዱ፣ እንደሆድዎ ሁኔታ ደምዎ ውስጥ የሚፈጠረው ልዩነት ከዚህ ቢበልጥ አይገርምም።

መምህር፦ ደም ውስጥ መግባቱስ ይሁን። ግፊቱን እኩል ማውረዱን ማን አየ? እኔ የምፈልገው ራሴን ስትሮክ እንዳይመታኝ ነው።

ፋርማሲስት፦ እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች በልብና በደም ሥር መድኃኒቶች ላይ የወጡ 47 ጽሑፎችን ሰብስበው መርምረዋል፤ አብዛኞቹ በዕጣ ተመድበው የተነጻጸሩ ታካሚዎች ያሉባቸው ነበሩ። ቤታ አጋጅ በሚባሉት ላይ ከተደረጉ 7 የዕጣ ጥናቶች ሰባቱም እኩልነት አሳዩ። የሚያሸና መድኃኒት ላይ ከ11ዱ 10ሩ፣ የእርስዎ መድኃኒት ባለበት የካልሲየም አጋጆች ወገን ደግሞ ከ7ቱ 5ቱ እኩልነት አሳይተዋል። ርካሾቹ በጥቅሉ ያንሳሉ የሚያሰኝ ማስረጃ አልተገኘም። እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላው ግኝታቸው ነው። በዚያው ዘመን በየሕክምና መጽሔቱ የወጡ 43 የአስተያየት ጽሑፎችን ሲያዩ፣ 23ቱ ርካሹን መተካት የሚቃወም ስሜት ነበራቸው። ማስረጃው ወደ አንድ ወገን፣ የባለሙያው ስሜት ወደ ሌላ ወገን ሄዷል። ያ ስሜት ወደ ታካሚው ይወርዳል፤ ታካሚው ውዱን መግዛት ሲያቅተው ርካሹን ንቆ ያለ መድኃኒት ይከርማል።

መምህር፦ እኩል ከሆነ ታዲያ ዋጋው ለምን እንዲህ ተራራቀ? ርካሽ ነገር ከአንድ ቦታ የጎደለው ነገር አለው።

ፋርማሲስት፦ የጎደለው አለ፤ የምርምሩ ወጪ ነው። አንድን ንጥረ ነገር ከቤተ ሙከራ አንሥቶ፣ በእንስሳ ሞክሮ፣ ከዚያ በሺዎች በሚቆጠሩ ሕመምተኞች ላይ ደኅንነቱንና ፈዋሽነቱን ማሳየት ዓመታትና ብዙ ገንዘብ ይፈጃል። ፓተንት የሚሰጠውም ኩባንያው ያን ወጪ እንዲያስመልስ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው አምራች ያንን ሁሉ እንዲደግም አይጠየቅም፤ ጥራቱንና ያን የነገርኩዎትን አቻነት ያሳያል። አሜሪካም ይህን መንገድ በሕግ ያስተካከለችው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ሌላው ምክንያት ፉክክር ነው፤ አንድን ክኒን አሥር ፋብሪካ ሲሠራው ዋጋው ይወርዳል።

መምህር፦ የህንድ መሆኑስ? ሰው ሁሉ «የጀርመን አለ? የእንግሊዝ አለ?» እያለ ነው የሚጠይቀው።

ፋርማሲስት፦ በቀን ስንት ጊዜ እንደምጠየቀው አይጠይቁኝ። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣችው ሕግ ለመድኃኒቱ ራሱ ፓተንት አትሰጥም ነበር፤ ፓተንት የሚሰጠው ለአሠራሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ፋብሪካዎቿ አንዱን መድኃኒት በሌላ መንገድ መሥራትን ለሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ተካኑበት፤ ሕጉ የተለወጠው በ2005 ነው። ዛሬ የአሜሪካ ገበያ ራሱ የእነዚህን ፋብሪካዎች ክኒን በብዛት ይጠቀማል። እዚያ ከሚሰጠው አሥር ማዘዣ ዘጠኙ የሚሞላው በርካሹ አቻ ነው። ከአሜሪካ የመጣልዎት ብልቃጥ ቤት ካለ ይዩት።

መምህር፦ አለ። ባለፈው ፋሲካ የመጣው አላለቀም፤ ለክፉ ቀን ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።

ብልቃጡ በማግሥቱ ባንኮኒው ላይ ቀረበ። ብርቱካንማ ነው፤ ነጭ መክደኛና የአሜሪካ መድኃኒት ቤት ወረቀት አለው። ወረቀቱ ላይ ኖርቫስክ የሚል ቃል የለም። «አምሎዲፒን ቤሲሌት፣ 5 ሚ.ግ.» ይላል፤ ከሥሩም የአምራቹ ስም የህንድ ፋብሪካ ነው። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉና ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከአሜሪካ የመጣላቸው በሙሉ ኖርቫስክ እየመሰላቸው ሲውጡት የከረሙት ይህንኑ ነበር።

መምህር፦ እንግዲያው ይህን ሳላውቅ ቀይሬ ነበር ማለት ነው። ግፊቴም አልወጣም፤ በየወሩ 130 በ80 አካባቢ ነው።

ፋርማሲስት፦ የእርስዎ ሰውነት መልሱን ቀድሞ ሰጥቶናል።

መምህር፦ እሺ፤ ግን ሁሉም ርካሽ እንዲህ ነው አትይኝም መቼም። የውሸት መድኃኒት በየሰፈሩ ይሸጣል ሲባል እሰማለሁ።

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መለየት አለባቸው። ርካሽ አቻ መድኃኒት ተመዝግቦ፣ ተፈትኖ፣ በታወቀ መንገድ የሚሸጥ ነው። ሐሰተኛና ከጥራት በታች የሆነ መድኃኒት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት መሠረት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ከሚዘዋወረው አሥር የሕክምና ምርት አንዱ ሐሰተኛ ወይም ከጥራት በታች ነው። አስመሳዮች የታወቀ ስምን መቅዳት ስለሚወዱ፣ ውድ ስም ያለው ማሸጊያ ለመጭበርበር የማይጋለጥ አይደለም።

ፋርማሲስት፦ እዚህ አገር መድኃኒት ከመሸጡ በፊት በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት። እርስዎ ማድረግ የሚችሉት መድኃኒት ከታወቀ መድኃኒት ቤት መግዛት ነው፤ የከነማም ይሁን፣ የቀይ መስቀልም ይሁን፣ ፈቃዱን ግድግዳው ላይ የሰቀለ የግል መድኃኒት ቤትም ይሁን። ከሱቅ መደርደሪያና ከሻንጣ ነጋዴ አይግዙ። የምርት ተከታታይ ቁጥሩና የመጠቀሚያ ጊዜው ማሸጊያውም ስትሪፑም ላይ አንድ መሆን አለበት። ስትሪፑ ተቀዶ የተሸጠልዎት እንደሆነ ቁጥሩ ያለበትን ጫፍ ይጠይቁ፤ ሳይሰጡዎት ከቀሩ አይውሰዱት። ክኒኑ ከተፈረፈረ፣ ከተለጠፈ ወይም ነጩ ከቀለመ ይመልሱልን።

መምህር፦ ከታወቀ ፋብሪካ ወጥቶስ ያጠፋ የለም?

ፋርማሲስት፦ አለ፤ አልደብቅዎትም። እ.ኤ.አ. በ2018 ቫልሳርታን የሚባለው የግፊት መድኃኒት ውስጥ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል የሚባል ቆሻሻ ተገኘ። ዋናው ንጥረ ነገር የሚሠራበት አንድ የቻይና ፋብሪካ አሠራሩን ሲለውጥ የተፈጠረ ችግር ነበር። ከዚያ ፋብሪካ የገዙ የብዙ አገር አምራቾች ክኒን ከገበያ ተሰበሰበ። የተቆጣጣሪዎቹ ምክር ግን ልብ ሊባል ይገባል፦ ምትክ እስኪያገኙ መድኃኒቱን አያቋርጡ። ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ከዚያ በኋላ የሆነውን ያጠኑ ሰዎች፣ ቫልሳርታን ይወስዱ ከነበሩት መካከል በደም ግፊት ምክንያት ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጡት በመጀመሪያው ወር ከግማሽ በላይ መጨመራቸውን አይተዋል። ሰዉን ቶሎ የጎዳው መድኃኒቱን ማጣቱ ነበር።

መምህር፦ እኔ የምፈራውም እሱን ነው። ባለፈው ዓመት ገንዘብ አጥሮኝ ዘጠኝ ቀን ሳልውጥ ቆይቻለሁ።

ፋርማሲስት፦ እባክዎ ጋሼ፣ ይህን ለሐኪምዎም ይንገሩት። አምሎዲፒን ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ አንድ ቀን ቢዘልሉ ያዝልዎታል። ዘጠኝ ቀን ግን ያለ መድኃኒት መሆን ነው። ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ለሁለትና ሦስት ቀን እንኳ በድንገት ሊያቆሙ አይገባም፤ ልብ ይፈጥናል፣ ግፊቱም ሊያሻቅብ ይችላል። ሰው ርካሹን ንቆ ሲያቋርጥ ከማይ፣ በርካሹ ሲተካ ባይ እመርጣለሁ።

መተካት ሲባል አንድ ዓይነት ነገር ብቻ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። አንደኛው ያንኑ ንጥረ ነገር በሌላ ስም መውሰድ ነው፤ ከኖርቫስክ ወደ ሌላ አምሎዲፒን መዛወር እንዲህ ያለው ነው። ሁለተኛው ወደ ሌላ ንጥረ ነገር መዛወር ነው፤ ከሎሳርታን ወደ ኤናላፕሪል፣ ወይም ከአምሎዲፒን ወደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ። ሁለተኛው አዲስ ሕክምና ነው። ሐኪም ያላዘዘው እንደሆነ ባንኮኒ ላይ ሊደረግ አይገባም።

መምህር፦ ጎረቤቴ ኤናላፕሪል ስትወስድ ደረቅ ሳል እያሳለች ነው። ሎሳርታኑ ተወዶባት ነው የቀየሩላት።

ፋርማሲስት፦ ከኤናላፕሪል ወገን ያሉት ሳል ያመጣሉ፤ ጉንፋን መስሏት ሽሮፕ ገዝታ ይሆናል። ሐኪሟ ጋ ትመለስ። ልጅ የምትወልድበት ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ከሆነች ደግሞ ሌላም ነገር አለ፤ ኤናላፕሪልም ሎሳርታንም ለእርጉዝ አይሰጡም፣ ፅንሱን ይጎዳሉ። ለዚህ ነው ክኒን ከጎረቤት መዋዋስ የሌለበት።

መምህር፦ ባለቤቴም ኒፌዲፒን ትወስዳለች። እሷስ እንደኔ መቀየር ትችላለች?

ፋርማሲስት፦ እዚያ ላይ ቆም ይበሉ። ኒፌዲፒን በራሱ ቶሎ ገብቶ ቶሎ ይወጣል፤ ግፊቱን በአንድ ጊዜ አውርዶ ያዞራል፣ ልብ ያስመታል። ስለዚህ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ የሚወሰደው ቀስ እያለ እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራው ነው። ቀስ የሚልበት ዘዴ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ፣ ሁለት ክኒን እኩል ሚሊግራም ይዘው ለሰውነት አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። እንግሊዝ አገር ሐኪሞች ለዚህኛው የአምራቹን ስም ጠቅሰው እንዲጽፉ ይመከራሉ። ሲቀየር ሐኪሟ ይወቅ፤ ግፊቷም በተደጋጋሚ ይለካ። ደግሞም ያን ክኒን ገምሳም ሆነ አድቅቃ አትውሰደው፤ ለሙሉ ቀን የታሰበው በአንድ ጊዜ ይፈሳል።

መምህር፦ የእኔንስ? 10 ሚሊግራሙን ገዝቼ ብገምሰው አይረክስም?

ፋርማሲስት፦ አምሎዲፒን ተራ ክኒን ነው፤ መሐሉ ላይ መገመሻ መስመር ካለው ይገመሳል። እንዲያ ሲሆን ሐኪምዎ ማዘዣውን «10 ሚሊግራም፣ ግማሽ ፍሬ» ብሎ ይጻፈው። እንዲያ ሳይጻፍ ቤትዎ ውስጥ 10 የሚል ማሸጊያ መቀመጡን አልወደውም። አንድ ቀን ሌላ ሰው መድኃኒትዎን ያቀብልዎታል።

ዝውውሩን በራሱ አደገኛ የሚያደርገው አንድ ስሕተት አለ፤ እሱም ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ነው። ታካሚው አዲሱን እንደ ተጨማሪ መድኃኒት ይቆጥረዋል፤ ቤቱ ውስጥ የነበረውን ሳይጥል አዲሱን ይጀምራል። ስማቸው ስለማይመሳሰል የሚያነቃው ምልክት የለም።

ፋርማሲስት፦ አንዲት እናት ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ መጡ። ኩላሊት ነው ብለው ፈርተዋል። መድኃኒታቸውን በሙሉ ይዘው ይምጡ አልኳቸው፤ የላስቲክ ከረጢታቸውን እዚህ ላይ ገለበጡት። ሦስት ስም ያለው አምሎዲፒን ወጣ። ሁለቱን በየማለዳው፣ አንዱን ማታ ይውጡ ነበር። 5 ሲባል 15 ሆኗል።

መምህር፦ እብጠታቸው ከዚያ ነው?

ፋርማሲስት፦ ከዚያ ነው። አምሎዲፒን እግር ያሳብጣል፤ መጠኑ በጨመረ ቁጥርም ይብሳል። ፋይዘር ራሱ ባወጣው መረጃ 5 ሚሊግራም ከወሰዱት ከመቶ 3ቱ፣ 10 ሚሊግራም ከወሰዱት ግን ከመቶ 10 በላይ አብጦባቸዋል። ሁለቱ ተጥለው በአንዱ ሲቀጥሉ የእግራቸው እብጠት ጎደለ። ስለዚህ አዲሱን በጀመሩ ቀን አሮጌው ከመድኃኒት ሳጥንዎ ይውጣ። የአሜሪካውን ብልቃጥ ማለቴ ነው።

መምህር፦ የመጠቀሚያ ጊዜው አላለፈም እኮ። ይጣል ነው የምትይኝ?

ፋርማሲስት፦ አይጣልም። መጀመሪያ እሱን ይጨርሱ። ስንት ፍሬ ቀረ?

መምህር፦ አሥራ አንድ።

ፋርማሲስት፦ እንግዲያው አሥራ አንድ ቀን እሱን፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ይህንን። በመሐሉ የሚዘለል ቀን የለም፤ የሚደረብ ቀንም የለም። ሰዓቱም ያው የለመዱት ይሁን።

መምህር፦ በጾም ጊዜስ? እስከ ቅዳሴ መውጫ ምንም አልቀምስም።

ፋርማሲስት፦ ወደ ማታ ያዙሩት፤ ከምግብ በፊትም በኋላም ቢወስዱት ለአምሎዲፒን ግድ የለውም። ብሪታንያ ውስጥ ከ21,000 በላይ የደም ግፊት ታካሚዎችን ጠዋትና ማታ ከፍለው ለዓመታት ተከታትለው ነበር፤ በድንገተኛ የልብ ሕመም፣ በስትሮክና በሞት ልዩነት አልተገኘም። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ዋናው ጾሙን ምክንያት አድርገው እንዳይዘሉት ነው።

መምህር፦ ክኒኑ ይሄኛው ቅርጹ ሌላ ነው፤ ደግሞ ትንሽ ሰፋ ይላል።

ፋርማሲስት፦ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ሰው በዚህ ምክንያት ያቋርጣል። አሜሪካ ውስጥ የልብ ሕመም የደረሰባቸውን ሰዎች ተከታትለው ሲያዩ፣ የክኒኑ ቀለም ሲለወጥ መድኃኒቱን የመተው ዕድል በ34 በመቶ፣ ቅርጹ ሲለወጥ በ66 በመቶ ጨምሯል። ንጥረ ነገሩ ያው ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ወር ቅርጹ ሌላ ቢሆንብዎ መጥተው ይጠይቁኝ እንጂ አይተዉት። በዋጋ ላይ የተሠራም አንድ ሙከራ አለ። ለፈቃደኞች ምንም መድኃኒት የሌለበት ክኒን ሰጥተው፣ ለግማሾቹ ዋጋው 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው፣ ለግማሾቹ ወደ 10 ሳንቲም ወርዷል አሏቸው። ከውዱ 85 በመቶ፣ ከርካሹ 61 በመቶ ሕመማቸው እንደቀነሰ ተናገሩ። ባዶ ክኒን ነው ሁለቱም።

መምህር፦ ስለዚህ ቀይሬ ራሴን ቢያመኝ ክኒኑ ነው ወይስ ሐሳቤ ነው ብዬ እለያለሁ?

ፋርማሲስት፦ ስሜት አይለየውም፤ መለኪያው ይለየዋል። ቤትዎ መለኪያ አለ?

መምህር፦ ልጄ ያመጣልኝ አለ፤ ክንድ ላይ የሚታሰረው።

ፋርማሲስት፦ የክንዱ ጥሩ ነው። ከመቀየርዎ በፊት አንድ ሳምንት፣ ከቀየሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ አንድ ሳምንት ይለኩ። ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ሽንትዎን ይሽኑ። አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ጀርባዎ ወንበሩን ይደገፍ፣ እግርዎ አይቆላለፍ፣ ሁለቱም መሬት ይርገጥ። ሹራቡ ላይ አይታሰርም፤ ክንድዎ ተራቁቶ ጠረጴዛ ላይ፣ ከልብዎ ትክክል ይረፍ። ሲለካ አያውሩ፤ የልጅ ልጆችም አጠገብዎ አይጩኹ። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። የመጀመሪያውን ቀን ይተዉት፤ የቀሪዎቹን አማካይ ያውጡ።

መምህር፦ ሒሳቡ አያስቸግረኝም፤ አርባ ዓመት ያስተማርኩት እሱን ነው። ስንት ሲሆን ነው የምደነግጠው?

ፋርማሲስት፦ ቤት ውስጥ ከ135 በ85 በታች ከሆነ መልካም ነው። ከመቀየርዎ በፊት ከነበረው ጋር ያነጻጽሩት። አንድ ቀን 142 አይተው አይደንግጡ፤ የሳምንቱ አማካይ ከበፊቱ በግልጽ ከፍ ካለ ደብተሩን ይዘው ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ። የላይኛው ከ180፣ ወይም የታችኛው ከ120 ካለፈና ደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን መጋረድ፣ የአንድ ወገን መዛል ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

መምህር፦ ቢወጣብኝ ወደ ኖርቫስኩ ልመለስ?

ፋርማሲስት፦ መጀመሪያ የሚጠየቀው ክኒኑን በትክክል መውሰድዎ ነው። ቀጥሎ ጨው፣ ቀጥሎ ለጉልበት ሕመም የሚወስዱት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን፤ እነዚህ ግፊት ያስነሳሉ። ይህ ሁሉ ተጣርቶ ግፊቱ ካልወረደ፣ ብዙ ጊዜ መፍትሔው ሁለተኛ መድኃኒት መጨመር ነው፤ ሐኪምዎ ይወስናል። የጨመረልዎት ባለ ሁለት ንጥረ ነገር ውድ ክኒን ከሆነ፣ ሁለቱን ለየብቻ በርካሽ መግዛት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁት። አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል።

ፋርማሲስቷ የአዲሱን ማሸጊያ ክዳን ከፍታ በውስጠኛው ገጽ ላይ በጥቁር ብዕር ጻፈች፦ አምሎዲፒን 5፣ በቀን አንድ ፍሬ፣ በኖርቫስክ ፈንታ። መምህሩ ከኮታቸው ኪስ ትንሽ ደብተር አውጥተው አሥራ አንዱን ቀን በጣታቸው ቆጠሩና አዲሱን የሚጀምሩበትን ቀን ጻፉ። የአሜሪካውን ብልቃጥ ከላይ፣ አዲሱን ማሸጊያ ሳይከፈት ከሥር አድርገው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

መምህር፦ ባለቤቴንስ ኒፌዲፒኗን ይዛ ላምጣት?

ፋርማሲስት፦ ማሸጊያውንም ማዘዣዋንም ይዛ ትምጣ ጋሼ። ሌላ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ከረጢቱን በሙሉ።